ጤዛ ያልነካው ኮፈን

አርባ ምንጭ መጥታችሁ፣ ታች ሲቀላም ሆነ ላይ ሴቻ፣ ሞተር በጆሮው ብቻ የሚመረምር ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመሯችሁ ወደ እኔ ቤት ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ነው ካላችሁም የሠራሁበት ጉራ ነው። መካኒክነትን ማንም አላስተማረኝም። በልጅነቴ የመንግሥት እርሻው ትራክተሮች ሥር እየተንፏቀቅኩ፣ የሚጥሏቸውን አሮጌ ዕቃዎች እየለቀምኩ ቤቴ ወስጄ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ እንደገና ፈታሁ። ፊደል እንኳ ያጠናሁት ከዘይት ቆርቆሮ ላይ ነው። በኋላ ከኮንሶና ከጂንካ የሚመጡ ሾፌሮች ሞተራቸው ድምፁን ሲቀይርባቸው "ጋሽ ታደሰ ጋ እስክንደርስ ዝም ብለህ ንዳ" ይባባሉ ነበር። ዛሬም ይባባላሉ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ስልኩን ይዞ መጣ። ሊገዛት ያሰባትን መኪና ፎቶ ሊያሳየኝ ነው። ነጭ ሴዳን፣ ታጥባ የምታብረቀርቅ፣ ጎማዋ ሳይቀር ጥቁር ቀለም የተቀባ።

"እንዴት ናት?" አለኝ።

"ፎቶ አይጮህም፣ አይሸትም። ምን ልበልህ?"

"እንዲያው ስታያት ምን ትላለህ?"

"ጎማዋን ማን ቀባው፣ ለምንስ ቀባው እላለሁ።"

"አይ አንተ ሰው! የማትጠረጥረው ነገር ምንድን ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ከገረሴ ደጋ ያወረድኳትን መኪና ታሪክ ጀመርኩለት። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። ሲሄድ፣ ይህ ነገር ቢጻፍ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ጊዜው ሞባይል ስልክ አርባ ምንጭ ገና የገባበት ነው። ዕድሜዬ አርባን ቢረግጥም ልቤ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ልብ ነበር። ሲቀላ ውስጥ የራሴ ጋራዥ ነበረኝ። ቤታችንን የሚቀልበው ግን ከጋራዡ ይልቅ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። በየሳምንቱ ከአባያ ሐይቅ ዳር ሙዝ ትጭናለች፣ ባለቤቴ ዘነበች ገበያ አውርዳ ትሸጣለች። የልጆቹ ልብስ፣ ደብተር፣ የቤቱ ጤፍ፣ ሁሉም ከዚያች ፒክአፕ ጀርባ ላይ ነው የሚወርደው።

ማንጎ በደረሰ ሰሞን ካሳሁን የሚባል የሲቀላ ደላላ ጋራዤ በር ላይ ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ ገረሴ ላይ አንዲት ጀርመን አለች። ስድስት ሲሊንደር። ስትነሳ መሬት ይርዳል።"

"ገብስና እንሰት መሐል የውድድር መኪና ምን ትሠራለች?"

"ባለቤቱ አቶ መስቀሌ የእህል ነጋዴ ነው። ለልጁ ሠርግ ብሎ ከአዲስ አበባ አመጣት። ሠርጉ አለቀ፤ አሁን ዶሮ እየሰፈረባት ነው። በፒክአፕ ልለውጥ ይላል። ራስ በራስ!"

ካሳሁን ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። ያን ቀን አላከከም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ፤ ሰውየው ተዘጋጅቶ ነው የመጣው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስድስት ሲሊንደር የሚለው ቃል ሆዴ ውስጥ ገብቶ አላስተኛኝም።

ዘነበች የገረሴ ልጅ ናት። ስነግራት ሙዝ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አየችኝ።

"ፒክአፑን ሰጥተህ ሙዙን የት ልትጭነው ነው? ጭንህ ላይ?"

"ላያት ብቻ ነው የምሄደው።"

"አንተ ላያት ብቻ ብለህ ሄደህ ባዶ እጅህን የተመለስክበት ቀን የለም። እኔም እመጣለሁ። አክስቴን ካየኋት ቆይቻለሁ።"

በማግስቱ ሦስታችን በፒክአፑ ወጣን፤ ዘነበች መሐል ተቀምጣ፣ እኔና ካሳሁን ግራና ቀኝ። ታች ሙቀቱ መሪውን አላስጨብጥ ይላል። ዳገቱን በጀመርን ጊዜ ግን አየሩ ይቀጥን ጀመር፤ ሙዙና ማንጎው ወደ ኋላ ቀሩ፣ እንሰቱ፣ ቀርከሃው፣ የገብሱ ማሳ ተተኩ። ገረሴ ስንደርስ ጭጋግ መንገዱን አቋርጦ ይሄድ ነበር፤ ዘነበችም ጋቢዋን ተከናንባ ነበር።

መኪናዋ አቶ መስቀሌ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ጥቁር ሰማያዊ፣ ዝቅ ያለች፣ ሰፋፊ ጎማ ያላት። እውነቱን ልናገር፣ እዚያው ተመኘኋት። ግን እጄን መጀመሪያ ያሳረፍኩት ኮፈኑ ላይ ነው። ትኩስ ነው።

"አቶ መስቀሌ፣ የት ደርሰው መጡ?"

"የትም አልሄድኩም። እንግዳ ይመጣል ተብሎ አሙቀነው ነው።" ረጋ ያሉ፣ ጥቁር ኮት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው።

"እንግዳው እኔ ነኝ፤ የሞቀችው እሷ!"

ካሳሁን ከሚገባው በላይ ሳቀ። አስነሳኋት። ስድስቱ እንደ አንድ ሆነው አንጎራጎሩ። ነዳኋት፤ ከኋላም ከፊትም አንድ የሚጮህ ነገር የለም። ይህን ያህል ዓመት የሠራች መኪና አንድም ነገር ካልጮኸ፣ አፏን ያስያዛት ሰው አለ ማለት ነው። ደግሞ የሞቀ ሞተር ጨዋ ነው፤ ጉዱን የሚያወጣው በቀዝቃዛው ሲቀሰቀስ ነው። ስለዚህ "ነገ ጠዋት እሰማታለሁ" ብዬ አደርኩ። የዘነበች አክስት ቆጮ በዳጣ አቀረቡልን። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ልቤ ግን ቆርቆሮው ሥር ነበር።

ገና ሳይነጋጋ ዘነበችን ቀስቅሼ ሄድን። ጭጋጉ ቆርቆሮው ሥር ሳይቀር ገብቶ፣ ጤዛው በእንሰቱ ቅጠል፣ በአጥሩ፣ በመኪናዋ የኋላ መክደኛ ላይ ሁሉ ተኝቷል። ኮፈኑ ግን ደረቅ ነው።

"ዘኑ፣ እዪ። ጤዛው ይቺን ብቻ ዘሏታል።"

ነካችው። "ምድጃ ዳር ነው እንዴ ያደረችው?" አለች።

ቀድመውን አሙቀዋታል። ሌላ ሰው ቢሆን ተናዶ ይሄዳል። እኔ ግን ትናንት ምንም አለመጮኋ ትዝ ብሎኝ ክሪክ አወጣሁና ኋላዋን አንስቼ ሥሯ ገባሁ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ክብ ብረት ዲፈረንሻል ይባላል፤ ውስጡ ጥርሶች አሉ። ጥርሶቹ ሲያልቁ መኪናዋ እንደ ጅብ ትጮሃለች። የዘይት መሙያውን ቡሽ ፈትቼ ጣቴን ከተትኩ። ወፍራም፣ ክር ክር የሚል ነገር ወጣ። አሸተትኩት፤ ለዘነበችም አቀረብኩላት።

"ይሄማ ሙዝ ነው!" አለች።

ዘዴውን አውቀዋለሁ። የላመ ሙዝ እዚያ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ጥርሶቹ ለጥቂት ቀን ዝም ይላሉ። ገዢው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ጩኸቱ ይመለሳል። በሌላ አገር ሰጋቱራ ይከቱበታል።

ቀጥታ አቶ መስቀሌ ጋ ሄድኩ። "ሲያዩዎት ትልቅ ሰው ነዎት። መኪናዋን አፍነው ሊሸጡልኝ ነው?" አልኳቸው።

ሽማግሌው በቁጣ ፊታቸው ተለዋወጠ። "እኔን ሌባ ነህ አልከኝ? በል፣ ዱቡሻ እንሂድ!"

ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሜዳ ነው። ዘነበች ክንዴን ያዘችና በጆሮዬ "ታዴ፣ እዚያ የዋሸ ሰው ጎሜ ይይዘዋል፤ ልጁ ይታመማል፣ ከብቱ ይመክናል ይባላል። ራሱ ከጠራህ ሰውየው ንጹሕ ነው" አለችኝ።

እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ገረሴ የሙዝ ተክል የለም፤ ብርዱ አያበቅለውም። የገረሴ ሰው የመኪና ጩኸት ላፍን ቢል ሙዝ ትዝ የሚለው ከየት ነው? ሙዝ ቶሎ ትዝ የሚለው ጋራዥ በር ላይ ሳይቀር ልጣጩ እያንሸራተተው ያደገ ሰው ነው። የእኛ የቆላው ልጅ ነው። ዞር ብዬ ካሳሁንን ፈለግኩት። ሻይ ቤት ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።

"ተነስ፣ አንተም ትመጣለህ" አልኩት።

ሜዳው ላይ ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ መስቀሌ እውነት የሚናገር ሰው የሚይዘውን እርጥብ ሣር ጨብጠው ቆሙ።

"መኪናውን የገዛሁት ለልጄ ሠርግ ነው። ከኋላ ይጮሃል። ይሄን ለደላላው ነግሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት መጥቶ እኔ አስተካክላለሁ አለ፤ ሥሩ ገባ፣ ወጣ። ያደረገውን አላየሁም። ሰው ሲመጣ ግን አሙቁት፣ ብርድ ይጎዳዋል አለኝ።"

በዚህ አላበቁም። ሜዳው ላይ ቆመው የመኪናዋን ጉድ አንድ በአንድ ዘረዘሩት፤ ዳገት ላይ ውኃዋ ይፈላል፣ የግራ መስኮቷ አይዘጋም፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ፈልፍላለች። ሻጭ እንዲህ ሲናገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሌላው ይቅር፣ የዶሮዋን ነገር ማን ጠየቃቸው?

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ካሳሁን ዞሩ። "ልጄ፣ ና ግባና ተናገር።"

የካሳሁን እናት የዚያው ደጋ ሰው ናት፤ ጎሜን ያውቃል። ሲቀላ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲምል የሚውል ሰው ሜዳው ዳር ሲደርስ ቆመ።

"እግሬን አሞኛል አባ" አለ።

"ለመቀመጥ እግር አያስፈልግም።"

ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ አልገባምም። ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ መንገዱ ላይ ወጣና እህል የጫነ መኪና አስቁሞ ወደ ቆላ ወረደ። ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አያስፈልግም።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ካሳሁንን የጠሩት ሽማግሌ ግን አሁን እኔን ያዩኛል። "አንተስ? ስለ ፒክአፕህ ተናገር።"

ሣሩን ሰጡኝ። ዘነበች ትንፋሿን ይዛ ታየኛለች። የፒክአፑን ገላ የሚሸከመው ሻንሲ አንድ ጊዜ አባያ ዳር ጭቃ ውስጥ ተሰንጥቆ እኔው በይጄው ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ በዓለም ላይ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ዝም ብል ፒክአፑ ይሄዳል፣ ስድስቱ ሲሊንደር የእኔ ይሆናል።

"ሻንሲው ተሰንጥቆ ተበይዷል" አልኩ ጮክ ብዬ። "ብየዳው ግን የእኔ ስለሆነ ከፋብሪካው ይበረታል።"

አቶ መስቀሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። "የተበየደ ፒክአፕ የእኔን ገብስ አይችልም። ይቅርብኝ።" ዘነበች ትንፋሿን ለቀቀች፤ ደስታዋን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም።

ልቤ ግን ቆርቆሮው ሥር ቀርቷል። አቶ መስቀሌ ግቢ ተመልሰን ልንሰነባበት ስንል ከግቢው ጥግ አንድ የተዘጋ የወፍጮ ቤት አየሁ። ሞተሩ ከክረምት ጀምሮ አልነሳ ብሎ ሰው እህሉን ተሸክሞ ሩቅ ይሄዳል አሉኝ። ሲቀላ ጋራዤ ውስጥ ደግሞ እኔ ራሴ ፒስተኑን ቀይሬ፣ ከሞት ያስነሳሁት የወፍጮ ናፍጣ ሞተር ተቀምጧል።

"አቶ መስቀሌ፣ ሰው እዚህ ግቢዎ መጥቶ ቢያስፈጭ አይሻልም?" አልኳቸው። ሞተሬ በመኪናቸው፣ ራስ በራስ ተስማማን። ተመልሰን ዱቡሻ ገባን፤ የሞተሩንም ጉድ ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁን፣ ቦርዴ ጠጣን። ሞተሩን በዚያችው በተበየደችው ፒክአፕ ጭኜ ወጣሁና ተከልኩት፤ ወፍጮው ሲዞር የገረሴ ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ ፒክአፑን በሌላ ሾፌር አስነድቼ ጀርመኗን ይዤ ወረድኩ። ሙዙን አጥቤ አውጥቼ ስለነበር እስከ አርባ ምንጭ ድረስ እየጮኸች ነው የመጣችው። ጩኸቷ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አልዋሸችኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ለዲፈረንሻሉ ጥርስ ሻሸመኔ ድረስ ሄጄ ከተጋጨች እህቷ ላይ ፈታሁ፤ ሻጩ "አዲስ ማለት ነው" ስላለኝ እያንዳንዱን ጥርስ በባትሪ አየሁ። ሆዷ ድንጋይ እንዳይመታው በሚኒባስ ሞላ ከፍ አደረግኳት። ለቆላው ሙቀት ሰፊ ራዲያተር ገጠምኩ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርብራቶሯ ደግሞ ታች ደህና ሲሠራ ደጋ ስትወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። መጀመሪያ ነዳጁን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ቀጂውን። ኋላ ላይ ግን አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ እንደሚበዛባት ደረስኩበት። የካርብራቶሩ ብሎን ላይ በምስማር ሁለት ምልክት ጫርኩ፤ አንዱ የአርባ ምንጭ፣ አንዱ የገረሴ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ቆሜ በካቻቢቴ አንዴ ካዞርኩላት ጭሱ ይጠፋል። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ስትወጣ የሚኒባስ ሾፌሮች ድምፅዋን ሰምተው ዳር ይይዙ ነበር።

ዛሬ መንዳት ለዓይኔ ከብዶታል፤ መኪናዋ ግን አሁንም ግቢዬ ውስጥ አለች፣ አሁንም ትነሳለች። ሰዎች ጥርጣሬ በሽታ ነው ይሉኛል። እኔ ጥርጣሬ ጆሮ ነው እላለሁ። ያለ እሱ የሚሰማው ሌሎች እንዲሰማ የፈለጉት ብቻ ነው። ብቻ ዱቡሻው ላይ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰውን መጠርጠር የጀመረ ሰው ተራው ሲደርስ ሣሩን ጨብጦ መቆም አለበት። እኔ ቆሜያለሁ።

እንግዲህ ያደረግኩትን ልቁጠረውና ላብቃ። ጤዛን አይቼ ውሸትን ያዝኩ። ገረሴ ላይ ሙዝ አሸትቼ የሲቀላ ደላላ አገኘሁ። ለአንድ ከተማ ወፍጮ አስነሳሁ። የቤቴን እንጀራ ያቆመችውን ፒክአፕ ሳልሰጥ ስድስት ሲሊንደር አመጣሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ለቆላና ለደጋ የምትሠራ አንዲት መኪና አበጀሁ። ደግሞም አንድ የመስቀል ሰሞን ዘነበችን ከፊት ወንበር አስቀምጬ፣ ከአርባ ምንጭ እስከ አክስቷ ደጃፍ ድረስ፣ አንዴም ሳትቆጣኝ አደረስኳት። ይህን የመጨረሻውን ደግሜ ማድረግ አልቻልኩም።