ቅቤን የጠረጠረ አልነበረም

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ዘጠናዎቹ ሊያልቁ የተቃረቡበት ዘመን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሰቆጣ ከገባሁ ሳምንት አልሞላኝም። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ምስጋናው ነጩን ጋዋን ሰጡኝና፣ «የምታውቂውን ስጪ፣ የማታውቂውን ጠይቂኝ» ብለው ወደ ጓዳው ገቡ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ መድኃኒት አልጠየቀኝም። ጋቢ የደረበ፣ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ሌሎቹ እስኪወጡ ድረስ ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ማስታወቂያ ሲያነብ ቆየ። ብቻችንን ስንቀር ጠጋ አለ።

«ወንድ የለም እዚህ?»

«ምን ልርዳዎት?»

«ወንድ ጥሪልኝ፣ እህቴ።»

እኔም ዓይን አፋር ስለሆንኩ ደስ እያለኝ ጋሽ ምስጋናውን ጠራኋቸው። ሰውየው ከጋቢው ሥር የኮንዶም ፓኬት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። «ለሦስተኛ ጊዜ ተቀደደ። የበሰበሰ ነው እንዴ የምትሸጡት?»

«ከጉሊት ገዝተህ ይሆናል።»

«ከእርስዎ እጅ ነው የገዛሁት!»

«እንግዲያው አደራረጉን አታውቅበትም።»

«ሁለት ልጅ ወልጄ እርስዎ ሊያስተምሩኝ ነው?» ፓኬቱን እዚያው ትቶ ወጣ።

ጋሽ ምስጋናው ሳቁ። «ኪሮስ ይባላል፣ የፍየል ነጋዴ ነው። የትም ቀዶት መጥቶ በእኛ ያላክካል።»

እኔ ግን የጠረጠርኩት መድኃኒት ቤታችንን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ የኮንዶሙ ካርቶንም የተቀመጠው ከጣሪያው ሥር ነው፤ ሙቀት ደግሞ ጎማ ይጎዳል። የተማርኩትን አደረግሁ። ኪሮስ የተወውንም፣ ካርቶን ውስጥ ያለውንም ጊዜው አለማለፉን አየሁ። እሽጉን በአውራ ጣቴ ተጭኜ አየሩ አለመውጣቱን አረጋገጥኩ። ከየካርቶኑ አንዳንድ ከፍቼ ሳብኩ። አንዱም አልተቀደደም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። ከኮንዶሙ መደርደሪያ አንድ ፓኬት፣ ከጎኑ ደግሞ ቫዝሊን አነሳች። በእኛ ቤት ሁለቱ ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት። ከዚያ እሽጉን ወደ በሩ ብርሃን አነሳችና አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው።

«ምን ይፈልጋሉ፣ እትዬ?»

«በመርፌ ቢወጋ ቀዳዳው ይታያል?»

 መርፌ ወደምንወጋበት ትንሽ ክፍል አስገብቼ በሩን ገርበብ አደረግሁት። ትብለጥ ትባላለች፣ የኪሮስ ሚስት ናት። የኤችአይቪ ቫይረስ በእሷ ደም ውስጥ ተገኝቷል፣ በእሱ ግን የለም። ሐኪም ባዘዛቸው መሠረት በኮንዶም ነው የሚገናኙት።

«ሁለት ሴቶች ነው የወለድኩለት» አለች። «ወንድ ልጅ ይፈልጋል። እኔ ሳላይ ይወጋዋል መሰለኝ።»

«አይተውት ያውቃሉ?»

«አላየሁትም። ግን ይቀደዳላ! እሱም ከያዘው ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል? ሐሙስ በንጋቱ አውቶቡስ ልጆቼን ይዤ ወልዲያ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።»

መጠየቅ ያለብኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ፊቴ ጋለ። መሬት መሬት እያየሁ፣ «ስትገናኙ ይደርቅብዎታል?» አልኳት።

እሷ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ሳትሞቺብኝ ተናገሪው! አዎ፣ ወር አበባዬ ከተዘበራረቀ ወዲህ ይደርቅብኛል። እሱም ሌላ ሰው ወደደች ብሎ ያኮርፋል። ግን መላ አግኝቼለታለሁ።»

«ምን?»

«ቅቤ ነዋ። ለጋ ቅቤ። ሲያልቅብኝ ቫዝሊን።»

የጨቅላን እርግብግቢት የሚቀቡት፣ ራስ ሲያም አናት ላይ የሚያደርጉት ቅቤ ነው። እሷ ባሏን፣ ባሏ እኛን፣ ጋሽ ምስጋናው ባሏን፣ እኔ ጣሪያውን ስንጠረጥር ቅቤን የጠረጠረ አልነበረም። ቅባትና ዘይት የኮንዶምን ጎማ በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክሙታል።

ብነግራት አታምነኝም ነበር። «ነገ በምሳ ሰዓት ባለቤትዎንም ቅቤውንም ይዘው ይምጡ» አልኳት።

ረቡዕ መጡ። የመርፌውን ጥርጣሬዋን በመንገድ ነግራው ነበር። ሁለት ኮንዶም እንደ ፊኛ ነፍቼ አሰርኩ። አንዱን ቅቤ፣ ሌላውን በውሃ የተሠራ ጄል ቀባሁ። ይህን ስሠራ ጋሽ ምስጋናው ከምሳ ተመለሱ።

«አንቺ ልጅ፣ የማን ልደት ነው?»

 ጥቂት ቆይቶ ቅቤ የነካው ፈነዳ። ኪሮስ አላመነም። «አስቀድመሽ ወግተሽው ቢሆንስ?» አለና ከራሱ ኪስ ሌላ አወጣ፤ ራሱ ነፋ፣ ራሱ ቀባ፣ ይዞት ቆመ። ያም እጁ ላይ ፈነዳ። ጄል የቀባሁት እንደተነፋ ነበር።

«እኔን ነበር የጠረጠርሽው?» አላት ሚስቱን።

«አንተስ? ስደርቅብህ ሰው ወደድሽ አላልከኝም?»

ከዚያ በኋላ በአገውኛ ስለቀጠሉ አልሰማኋቸውም።

ጋሽ ምስጋናው ከመደርደሪያው አንድ ጄል አነሱ። «ይሄን ስጫት። ያደነዝዛል፣ ሕመሙንም አያሰማትም።»

«አይሆንም ጋሼ። ቢቆስሉ የሚያውቁት በሕመሙ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«የወንድ ዘር የሚገድል ኬሚካል አለበት። ውስጥን ያቆስላል፤ ቁስል ደግሞ ለቫይረሱ በር ነው።»

«ኧረ ሁሉም ጄል ነው!»

«ጽሑፉን እናንብበው፣ ጋሼ።»

ሐኪሞች ለምርመራ የሚጠቀሙበትን ተራውን መረጥኩ። በውሃ የተሠራ፣ ከኮንዶም ጋር የሚስማማ ተብሎ ተጽፎበታል። ሽቶም ማደንዘዣም የለውም፤ እሽጉ አልተነካም፣ ጊዜውም አላለፈም። «ሲደርቅ ይጨምሩበት» አልኳት። «ካቃጠለዎት ታጥበው ይተዉትና ወደ እኔ ይምጡ። ቅቤም፣ ቫዝሊንም፣ የፀጉር ቅባትም ወደዚያ አይድረስ።»

ኪሮስን በዚያኑ ቀን ደሙን እንዲመረመር፣ ከሦስት ወር በኋላም እንዲደግም ነገርኩት። ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ። እሷ ተከተለችው። ስለ አውቶቡሱ ግን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እኔም መጠየቅ አፈርኩ። የኪሮስ ሁለቱም ምርመራዎች ነፃ መሆናቸውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ያን ምሽት የማውቀው ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ሳይነጋ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። የሚሳፈር ሰው የምሸኝ መስዬ በወልዲያው አውቶቡስ ዙሪያ ተራመድኩ፣ በየመስኮቱ አየሁ። ሁለት ሴት ልጆች ያሏት እናት አልነበረችም። አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ መድኃኒት ቤቱን ከፍቼ ቫዝሊኑን ከኮንዶሙ አጠገብ አንስቼ ከሳሙናው ጋር አደረግሁት። በቦታው ጄሉን ደረደርኩ።

ኮንዶም ተቀደደ ሲሏችሁ ኮንዶሙን መርምሩ። ከዚያ ምን እንደተቀባ ጠይቁ።