አሚን ያላልኩበት ዱዓ

አማቴ ልጄን ሊሰጡኝ አልፈለጉም። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ባሌ ዐረብ አገር በሹፍርና የያዘው ሥራ ቤተሰብ ማምጣት የሚያስፈቅድ ሆነና ለእኔም፣ ለሰባት ዓመቷ ልጃችንም፣ ገና ጡት ለሚጠባው ወንድሟም ቪዛ ወጣልን። ሐይቅ ከተማ፣ አማቴ ቤት፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ሻንጣ ስሸክፍ በሩን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «ትንሹን ይዘሽ ሂጂ። ትልቋ የእኔ ናት» አሉኝ። ድምፃቸው ጨው አቀብዪኝ የማለት ያህል ነበር።

«እማማ፣ የእሷም ቪዛ እኮ ወጥቷል» አልኳቸው።

«ታዲያ ይቀመጣላ። ወረቀት አይሻግት» ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ዕብደት ሊመስለው ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን የበኩር ልጅ አያት ቤት ማደጓ የተለመደ ነው። የጎረቤት ሴቶችን ሳማክር ሁሉም «ታዲያ ምናለበት? ማንም ያደረገው ነው» ነበር መልሳቸው። እንዴት ምናለበት ይባላል? እስከ ዛሬ አያት ቤት ማለት ከጓሮ ባሻገር ያለ ቤት ነው፤ ልጅሽ ስትናፍቅሽ ሻርፕሽን ጣል አድርገሽ ብቅ ትያለሽ። ባሕር ተሻግሮ ብቅ ማለት የለም። ይህን ሳስረዳ «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ይሉኛል፤ ያኔ ደሜ ይፈላል። እኔ ደግሞ ስናደድ እጄ ሥራ ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን ያላጠብኩት ጨርቅ አልነበረም፤ ንጹሑን ሳይቀር ደግሜ አጥቤዋለሁ።

ክፋቱ፣ አማቴ እውነት ነበራቸው። ልጅቷ ጡት እንደጣለች እኔ ነኝ ትቻት የሄድኩት። ያኔ ባሌ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ እኔ ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ወጣሁ። እዚያ የሰው ልጅ አጥቤ፣ አብልቼ፣ እሹሩሩ ብዬ ሳሳድግ የራሴዋ እዚህ በአማቴ ጀርባ ላይ አደገች። ጦርነቱ ሐይቅ ድረስ የመጣ ጊዜ አዝለዋት ወደ አምባሰል ተራራ የሸሹት እሳቸው ናቸው። ስልክ ጠፍቶ ነበር። ልጄ ትኑር ትሙት ሳላውቅ በሰው ኩሽና ቆሜ የሰው ሕፃን በማንኪያ እያጎረስኩ የሰነበትኩበትን ጊዜ ለጠላቴም አልመኝም። አማቴ በዚያ መንገድ ጉልበታቸውን ጎዱት፤ እስከ ዛሬ ሲቀመጡም ሲነሡም ያማቸዋል። ታዲያ በየት በኩል ገብቼ «የእኔ ናት» ልበላቸው?

ተመልሼ ስመጣ ልጅቷ እሳቸውን «እማ» ትላለች። እኔን «እትዬ» አለችኝ፣ እንደ ታላቅ እህት። ቆይ፣ ትለምደኛለች አልኩ። ትንሹን ወለድኩ፣ ባሌም በተራው ሄደ፣ እሷ ግን ያው ናት። ማታ የምትተኛው ከእማ ጋር ነው፣ ጸጉሯን የሚሠሩላት እማ ናቸው፣ በአማቴ መርፌ ክር የምታስገባውም እሷ ናት። ከእኔ ጋር ጨዋ ናት። ሳቀብላት «እሺ እትዬ»፣ ስልካት «እሺ እትዬ»። ወላሂ፣ ብታኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን በሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ገዝተን ስንመለስ፣ «ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ አይደል?» አልኳት። የያዘችውን ፌስታል ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና አስባ አስባ፣ «እማ ከሄደች እሄዳለሁ እትዬ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የገዛ ልጄን መጠየቅ ፈራሁ።

ባሌ በቪዲዮ ሲደውል የተከራየልንን ቤት እያዞረ ያሳየናል፤ ይኸው ምድጃው፣ ይኸው የልጆቹ ክፍል ይላል። የእናቱን ነገር ስነግረው ግን ዓይኑን ከስልኩ ያሸሻል።

«እስቲ ለጊዜው ትቆይላቸው» አለኝ በመጨረሻ። «እኛ ስንደላደል እናመጣታለን።»

«ለጊዜው ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ» አልኩት። «ለጊዜው ብዬ ሄጄ ነው እትዬ የሆንኩት።»

ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ ብሎ ዘጋው። ኔትወርኩ ጥሩ ነበር። እናቱን እንቢ የሚልበት አፍ የለውም፤ እኔንም ተይ የሚልበት የለውም፤ ሁለታችን ተያይዘን እንድንጨርሰው ትቶልን ሄደ።

ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን፣ ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ አማቴ ዱዓ አስደረጉልን። በእኛ ሰፈር መንገደኛ ያለ ዱዓ አይወጣም። ጎረቤቱ ይጠራል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፣ ጫት ይቀርባል፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቤቱ ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። በዚያ ቤት አሚን ያልሽበት ነገር ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ምስክር የሆነበት ቃል ነው፤ ነገ ተነሥተሽ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አትዪም። አማቴ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የዘነጋሁት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ደህና ጀመሩ። «መንገዱን አላህ ያቅናላችሁ።» «አሚን።» «ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ።» «አሚን።» «ሐጃችሁን፣ ጉዳያችሁን ያውጣላችሁ።» «አሚን።» ትንሹን በአንድ እጄ ታቅፌ፣ ሌላውን ዘርግቼ፣ እኔም ከሰው ጋር አሚን እላለሁ። ልጅቷ ከአማቴ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ትንንሽ መዳፎቿን ገጥማ ዘርግታለች። ሽማግሌው በዚያው ዜማቸው ሳያቋርጡ፣ «ይቺን ልጅ ካሳደገቻት አያቷ አይለያት። ለዚህ ቤት መብራት ያድርጋት። ለአያቷ መጦሪያ ትሁን» አሉ።

ቤቱ «አሚን» አለ።

የእኔም አሚን ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ልማድ ነው፣ ከሰው ጋር ሳታስቢው ይወጣል። ጥርሴን ነከስኩ። የተዘረጋውን እጄን አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ሽማግሌው ግን ዕድሜያቸውን በዱዓ የፈጁ ሰው ናቸው፤ አንድ ድምፅ ሲጎድል ይሰማቸዋል። አቆሙ። «የልጅቱ እናት፣ አሚን አላልሽም» አሉኝ በቀስታ። ከዚያ ያንኑ ዱዓ ቃል በቃል ደገሙት። ቤቱም ደግሞ አሚን አለ፤ አሁን ግን ሁሉም እኔን እያየ ነው። ጫቱን የሚቀነጥሱ እጆች ቆመዋል። አማቴ መሬት መሬቱን ያያሉ። ትንሹ ነቅቶ ደረቴ ላይ ተንፈራገጠ።

«አባባ፣ ይህቺን ይለፉኝ» አልኩ። «ሌላውን ሁሉ እላለሁ። ይህቺን አልልም።»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ «ሱብሐነላህ» ስትል ሰማሁ። እንዴት አትል፤ አማቷ ፊት፣ ሽማግሌ ፊት፣ በዱዓ መሐል እንቢ ያለች ምራት ማን አይቶ ያውቃል? እኔም አይቼ አላውቅም። ፊቴ ነደደ። ተነሥቼ ብወጣ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው «እንግዲያው አላህ የልባችሁን ይስጣችሁ» ብለው አለፉት። አሚን አልኩ። አማቴም አሚን አሉ። ሁለታችንም የለመንነው አንዲቷን ልጅ እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅቷ ግን ማንንም አላየችም። የምታየው የታጠፈውን እጄን ነበር።

ከዚያ ወዲያ አማቴ አላናገሩኝም። ምግብ ሳቀርብ ይበላሉ፣ ውኃ ሳቀብል ይጠጣሉ፣ ቃል የለም። የሚፈልጉትን ለልጅቷ ይነግሯታል፣ ልጅቷ ለእኔ ትነግረኛለች። እኔም ከልጄ ጋር እንዲያ ብዙ አውርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት የትንሹን ልብስ አጥቤ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። አማቴ የሉም፣ ልጅቷም የለችም። ለመንገድ የገዛሁላት ቀሚስ ከሻንጣው ተመዝዟል። መንገዳችን እሁድ ማለዳ ነው። ጎረቤታችንን ስጠይቃት «አስፋልቱ ዳር ቆመው አይቻቸዋለሁ፤ መኪና የሚጠብቁ መሰለኝ» አለችኝ። የባሌ እህት ያለችው ውጫሌ ነው። አውሮፕላኑ እስኪያልፈን ድረስ እዚያ ሊደብቋት ነው አልኩ፤ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ትንሹን አዝዬ ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስደውል የአማቴ ስልክ ዝግ ነው። ረዳቱ በየሜዳው ገበያተኛ ለመጫን ሲያስቆም «ምን ሆነሃል፣ አትሄድም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። «ቀስ በይ እንጂ እትዬ፣ ሕፃኑን አስደነገጥሽው» አለኝ። እሱም እትዬ። አገሩ ሁሉ እትዬ ይለኛል፣ እናት የሚለኝ ጠፋ። ውጫሌ ስደርስ የባሌ እህት በሩን ከፍታ ፊቴን ስታይ ደነገጠች። «ወላሂ እኛ ጋ አልመጡም። ምን ተፈጠረ?» አለችኝ። አላመንኳትም። ገፋ አድርጌያት ገብቼ ጓዳዋን ፈተሽኩ፤ አልጋ ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብዬ አየሁ። እሷ ቆማ ብቻ ታየኝ ነበር። የሉም።

በመልስ ጉዞ ሐይቁ በመስኮት በኩል ብልጭ ሲልብኝ ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም። ትንሹ ያለቅሳል፣ ጡት እሰጠዋለሁ፣ አይዝም። እኔም እያለቀስኩ ነበር።

ቤት ስደርስ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ አዲሱን ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯ አዲስ ተሠርቶ። አማቴ እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ያን ጊዜ የወጣኝን ቃል ሁሉ አላስታውሰውም፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ መጮኼን ግን አስታውሳለሁ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አበቃሽ?» አሉኝ ዝም ስል። ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር። «የባሌ መቃብር ጋ ወስጃት ነው። አያቷን ሳትሰናበተው ትሂድ?»

ትንሹን እንዳዘልኩ እዚያው ቁጭ አልኩ።

«ሊሰጡኝ ነው?» አልኳቸው።

ልጅቷን ውኃ አምጪልኝ ብለው ወደ ውስጥ ላኳት። «አሚን ብትዪ ኖሮ ወላሂ አልለቃትም ነበር» አሉ። «ለዚያ ብዬ ነው ሽማግሌውን እንዲያ በሉልኝ ያልኳቸው።» ጉልበታቸውን ማሻሸታቸውን አልተዉም። «ያን ጊዜ ተራራውን ስንወጣ መንገዱ ገደል ነው። ወጣቶቹ፣ ሕፃኗን ለእኛ ስጪን፣ አንቺ ትወድቂያለሽ አሉኝ። በመልካም ነበር ያሉኝ። እኔ ግን አልሰጥም አልኩ። ሽማግሌ ለመነኝ፣ አልሰጥም አልኩ። ሐሙስ ዕለት ፊትሽን ሳይ ያን ቀን ትዝ አለኝ። በቃ።»

ልጅቷ ውኃውን ይዛ መጣች፣ ጠጡና ጣሳውን ለእኔ ሰጡኝ።

እሁድ ማለዳ አስፋልቱ ዳር የደሴን ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ሻንጣውን ከላይ ያስራል። ልጅቷ ከአማቴ ቀሚስ ጋር ተጣብቃለች። አታለቅስም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነበር። አማቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከቀሚሳቸው አላቀቁና ትንሽ ፈቀቅ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሽማግሌ የለ፣ ጫት የለ፣ ሰው አልተጠራ። መኪናው እየተንተከተከ ነው ዱዓ ያደረጉት።

«ያረቢ፣ በሰላም አድርሳቸው።»

«አሚን» አልን፣ እኔም ልጅቷም።

«ያረቢ፣ ከእናቷ ጋር አላምዳት።»

«አሚን» አልኩ። ልጅቷም ቀስ ብላ አለች። ሰማኋት።

«ያረቢ፣ እኔን አስረሳት። እዚያ ሄዳ እንዳታለቅስ፣ እኔን አስረሳት።»

ልጅቷ የዘረጋቻቸውን እጆች አጠፈች። አጥፋም አዲሱ ቀሚሷ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አሚን በይ እንጂ የኔ እናት» አሏት።

«ይህቺን አልልም» አለች።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያው አንቺ በይላት።»

ከመጣሁ ጀምሮ የለመንኩት እኮ ይህንኑ ነው። እሳቸውን ትታ እኔን እማ እንድትለኝ በስንቱ ሶላት ለምኛለሁ። አሁን በገዛ አፋቸው ሲሰጡኝ አፌ አልከፈት አለኝ። እጄም ሳላዘው ወረደ።

አማቴ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የታጠፉትን እጆቻችንን አዩ። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ሳቅ አሉ።

«ወላሂ» አሉኝ፣ «ያንቺው ልጅ ናት።»