በእግሯ የመጣች ሕመምተኛ

አልጣሽን ሳል የጀመራት የመጨረሻ ልጇን ጡት ካስጣለች በኋላ ነው። ደጋው አገራቸው ቀየት ላይ ብርድ የማያስለው ሰው ስለሌለ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረላትም። አንድ ጠዋት ገብስ ስታነፍስ ደም ተፋች። መሐል ሜዳ ከተማ ወፍጮ ቤት ያለው ወንድሟ አስፋው ነው ይዟት አዲስ አበባ የወረደው።

ሳንባዋ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ተገኘ። ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ጽናት፣ ከበግና ከውሻ የሚመጣ ትል ያመጣው መሆኑን አስረዳቻት። "ደረትሽን አንከፍተውም። ጎንሽ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ በስተን፣ ካሜራ አስገብተን፣ በቴሌቪዥን እያየን እናወጣዋለን።"

እንዳለችውም ሆነ። ጎረቤታቸው ጫኔ ሆዱን ተቀዶ ሲመጣ በቃሬዛ ነበር። አልጣሽ በእግሯ መጣች። ጥፋቷ ይኸው ሆነ።

ባሏ በኃይሉ ጎኗን ገልጦ አየ። ጥፍር ጥፍር የሚያካክሉ ሦስት ጠባሳዎች።

"ይቺ ናት?"

"የተቆረጠው ውስጡ ነው። ከባድ እንዳታነሺ ብለውኛል።"

"ሳንባው የተቆረጠ ሰው እንዲህ ሆኖ ይመጣል?" አሉ አማቷ እትዬ ጌታነሽ፣ ለእሷ ሳይሆን ለልጃቸው። "መርፌ ወግተው ነው የሰደዷት።"

ለጫኔ አገር ምድሩ አጥሚት ይዞ ጠይቆት፣ ገብሱንም በደቦ አጭዶለት ነበር። አልጣሽን ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ጠባሳውን አይተው እርስ በርስ ተያዩ፤ ዳግመኛ አልመጡም። ብዙም ሳትቆይ ጀሪካኑን አዘለች። ትንፋሽ አጥሯት ዳገቱ ላይ ስትቀመጥ አማቷ "ከተማ አመል አስተምሯት መጣች" ይላሉ። የሐኪም ቀጠሮዋ ሲደርስ በኃይሉ "ድነሽ የለም እንዴ፤ ምን ልትሠሪ ነው?" ብሎ አስቀራት።

ትኩሳት ይዞ ሲጥላት አስፋው መጥቶ ወሰዳት። ሳንባዋ መግል ቋጥሮ ነበር። በዚህ ጊዜ ደረቷን ከመክፈት ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ከሳንባዋም ብዙውን ቆርጠው አወጡት።

በቃሬዛ ተመለሰች። ጠባሳው ከጡቷ ሥር ተነስቶ እስከ ጀርባዋ ይደርሳል። መንደርተኛው ዶሮውን፣ እርጎውን ይዞ ግልብጥ ብሎ መጣ። እትዬ ጌታነሽ ቁስሉን አይተው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ውሃ ልትቀዳ፣ ቤተክርስቲያን የሚያደርሰውን ዳገት መውጣት አቅቷታል።

አንድ ቀን በኃይሉ ራሱ ውሃ ቀድቶ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ።

"ምነው ያኔ እንዲህ እንደሚያምሽ ብትነግሪኝ" አለ።

"ነግሬህ ነበር" አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።