ወደ ገደሉ የዞረው አንቴና

ከቡሬ ወጣ ብለው ለሚኖሩት ለእማማ የሺ የሠራሁላቸው አንቴና ጉደኛ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለችውን ማብሪያ ማጥፊያ ሲነኳት፣ እሱ ሳይነቃነቅ ኔትወርክ የሚስብበትን አቅጣጫ ይቀይራል።

ባለፈው «የልጄ ድምፅ ጠፋብኝ፣ ስልኩም ዝም አለ» ብለው አስጠሩኝ። ሄጄ ማብሪያ ማጥፊያዋን ባያት አቅጣጫው ወደ ገደሉ ሆኗል። ወደ ቡሬ መለስኩት። እዚያው ተቀምጠው የነበሩት ጎረቤታቸው ጋሽ አያሌው ተነሥተው ወደ ገደሉ አዞሩት።

«ጋሼ፣ በዚያ በኩል እኮ የኔትወርክ ማማ የለም! አንቴና ማለት እንደ ጆሮ...» እያልኩ እያስረዳሁ ደግሜ መለስኩት።

«አንተ ልጅ፣ አፍህ አያርፍም?» ብለው እየጎተቱ ወደ ደጅ አወጡኝ። «ልጃቸው አርፏል። ነገ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን እናረዳቸዋለን። እስከዚያ በስልክ እንዳይሰሙ ብለን ነው ያዞርነው።»

ልመልሰው ወደ ቤት ስሮጥ ስልኩ ጮኸ።

«ተመስገን፣ ሠራ!» አሉ እማማ።