በስልክ የመጣ ምርቃት

እኛ ቤት ያለ ምርቃት ፈተና የሚባል ነገር የለም። ለሚኒስትሪም ለማትሪክም አባዬ ፊት ጎንበስ እላለሁ፤ እሱ ግራሶ የጠገበ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጭኖ ይመርቃል፣ እኔ በየመሃሉ "አሜን" እላለሁ። የተሠራው ፀጉሬ መበላሸቱን እሱ መቼ አስቦት ያውቃል!

ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ቆይቼ፣ ሰንጋ ተራ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የአንድ ታክሲ ጎማ ተንፍሶ ኖሮ፣ አባዬን አብነት ሰፈር ወዳለችው ጎሚስታ ቤቱ በጠዋቱ ጠርተውት ሄዷል። ሳይመርቀኝ! ሆዴ ባባ።

ኮሪደሩ ላይ ከሌሎቹ ተፈታኞች ጋር ተራ ስጠብቅ፣ "አባዬ፣ በድምፅ መልእክት መርቀኝ እንጂ" ብዬ ላክሁለት። ስማርት ስልክ ያስለመድኩት እኔው ነኝ።

"ምርቃት ደግሞ በስልክ ይሄዳል እንዴ?" ብሎ መለሰ። ወዲያው ሌላ መልእክት አስከተለ። ድምፁን ልቀንስ ስል ጭራሽ ጨመርኩትና የአባዬ ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው።

"በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ!" አለና ዝም። ከኋላው የጎማ መንፊያው ይጮኻል። አሜን እስክል እየጠበቀኝ እኮ ነው፣ የኔ ጌታ!

እኔ በድንጋጤ ምላሴ ተሳሰረ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ግን ጮክ ብላ "አሜን!" አለችልኝ።

"አፈር ስትጨብጪ ወርቅ ይሁንልሽ!"

አሁን ኮሪደሩ በሙሉ፣ "አሜን!" ጥበቃው ሳይቀር ኮፍያውን አውልቆ አሜን አለ። ሳቅ በሳቅ ሆንን፤ ፍርሃቴም ብን ብሎ ጠፋ።

ውጤቱ ሲወጣ ግን የተቀጠረችው ያቺ አጠገቤ የነበረችው ልጅ ሆና ተገኘች። ከሥራው ይልቅ አባዬ "ድሮስ ምርቃት በስልክ!" ብሎ ቅር እንዳይለው ነበር የጨነቀኝ። የኮሪደሩን ጉድ ጭምር እየተርበተበትኩ ነገርኩት።

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "እሰይ! ይሄዳላ! ደርሷል እኮ! ልጅቷ ቀልጠፍ ብላ አሜን አለችና ወሰደችው፤ አንቺን ማን ዝም በይ አለሽ?"

እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እንደዚያ ወድጄው አላውቅም።

"በይ ነይ፣ ጎንበስ በይ" አለና እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነ። ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ።

"ይኸኛውን" አለ በሹክሹክታ፣ "ማንም እንዳይሰማብሽ።"