በሰው ስም ያገኘኋት ድንጋይ

ካርቱም ውስጥ ጡረታ በወጡ የፊዚክስ መምህር ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ቤት የምጠራበት ስም የእኔ አልነበረም። ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ትኖር የነበረች ያገሬ ልጅ ወደ አገር ቤት ስትመለስ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ ትታልኝ ሄዳ ነበር። የቀጠረችኝ የመምህሩ ልጅ ያየችው ጊዜው ማለፍ አለማለፉን ብቻ ነው፤ የሠራተኛን ፎቶ ማን አተኩሮ ያያል። በዚያ ስም ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።

ሽማግሌው ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸዋል። ውጭ አገር ባለ ትልቅ የሰማይ መነጽር የተነሱ ፎቶዎች በኮምፒውተር ይላኩላቸዋል፤ በፈቃዳቸው ከሚመረምሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወለል ስወለውል ጠሩኝና አራት ፎቶ እያፈራረቁ አሳዩኝ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ዱቄት የተበተነ ይመስላል።

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ግን ዕቃ አንስቼ፣ ጠርጌ፣ በነበረበት መመለስ ሥራዬ ስለሆነ ቦታውን የለቀቀ ነገር አያመልጠኝም።

«ሐጅ፣ ይቺ ሄዳለች» አልኩና በጣቴ አሳየኋቸው።

«ወዴት?»

«ትንሽ ወደ ጎን። እንደ ቅማል።»

ሳቁ። «ቅማልሽ ተራራ ታህላለች።»

የቆሙት ኮከቦች ናቸው፣ የሄደችው ግን ድንጋይ ናት አሉኝ። በማርስና በጁፒተር መካከል እንደ እሷ ያሉ እጅግ ብዙ ድንጋዮች ፀሐይን ይዞራሉ፤ እሷ አንድ ዙር ለመጨረስ አራት ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ለጊዜው በፊደልና በቁጥር ትጠራለች። ለዓመታት ታይታ መንገዷ ከተረጋገጠ ግን ያገኛት ሰው ስም ሊያወጣላት ይችላል።

«ያገኘሻት አንቺ ነሽ። ስምሽን ጽፌ እልካለሁ» አሉና የኢቃማውን ስም ጻፉ።

ስሜ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ይጻፋል ብዬ አስቤ አላውቅም። የራሴ እንዲሆን ፈለግኩ። እውነቱን ብናገር ደግሞ ከቤት እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ተላከ።

ጦርነቱ ሲመጣ ልጃቸው ወደ ፖርት ሱዳን ልትወስዳቸው መኪና ይዛ መጣች። እሳቸውን እንድደግፍ ለእኔም ቦታ ተሰጠኝ። ከገባን በኋላ «ያላ፣ ወረቀት» አለችና ለኬላው የሁላችንንም ሰበሰበች። የእኔን ስታይ እጇ ቆመ።

«ይቺ አንቺ አይደለሽም።»

«አይደለሁም፣ ማዳም።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንን ነው ቤታችን ያስቀመጥነው? በዚህ ወረቀት ሁላችንንም ያስሩናል። ውረጂ።»

ወረድኩ። ሽማግሌው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። የከፋቸው በሌላ ነገር ነበር።

«በሰው ስም ልኬልሻለሁ እኮ። ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ ነው፣ ሐጅ።»

«የራስሽስ ማን ነው?»

ከነአባቴ ስም ነገርኳቸው። ቀስ ብለው ደገሙት። «ኢንተርኔት ሲመለስ አስተካክለዋለሁ፣ ኢንሻላህ» አሉ። ኢቃማው ልጃቸው እጅ ላይ እንዳለ ሄዱ።

በኋላ የጎረቤት ዘበኛ ሽማግሌው መንገድ ላይ አትባራ ከተማ ሲደርሱ መሞታቸውን ነገረኝ። ስሙን አስተካክሉልኝ ብዬ ከእሳቸው ሌላ የምጠይቀው ሰው አላውቅም። ድንጋይቱ እንደገና ትታይ አትታይ አላውቅም፤ ከታየች ስም አውጪ ተብላ የምትጠራው የኢቃማው ባለቤት ልጅ ናት።

አሁን እዚያው ካርቱም፣ ማዮ የሚባል ሰፈር ልብስ አጥባለሁ። ስሜን ሲጠይቁኝ የራሴን እናገራለሁ። ወረቀት ስለሌለኝ ግን ከሰፈሩ አልወጣም።