እህቴ ያለ አፈር ያሳደገቻቸው

ታላቅ እህቴ የምትሠራው በስደት በምንኖርበት ከተማ ዳር፣ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ ነበር። ኦፍ በሆነች ቀን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዳ እንጨት ትለቅማለች። ከዛፍ ቆርጣ አታውቅም። ማዕበል የተፋውን፣ ንፋስ የጣለውን ብቻ ታነሣለች። ሜድስቶን ሰፈር ወዳለው ቤታችን ታመጣውና የባሕሩ ጨው እስኪለቀው ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፣ ውኃውን እየቀያየረች።

ከዚያ ማዞር ነው። እንጨቱን ጠረጴዛ ላይ ታዞረዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ያለ ምስማር በራሱ እስኪቆም ድረስ። አንዳንዴ ከሰዓቱ በሙሉ ያልቃል።

«በሙጫ ለጥፊውና ይለይልን» እላታለሁ።

«አንተን በሙጫ ብለጥፍህ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ ዝም ትላለህ።»

እንጨቱ ላይ የምታስቀምጣቸው ተክሎች በአየር የሚኖሩ ናቸው፤ አፈር አይወዱም። ቅጠላቸው ቀጭን ነው፣ አመድማ፣ እንደ ጃርት ዙሪያውን የቆመ። ውኃ ውስጥ ትነክራቸዋለች፣ ገልብጣ ታደርቃቸዋለች፣ ከዚያ በዓሣ ማጥመጃ ክር ከእንጨቱ ጋር ታስራቸዋለች። ክሩ አይታይም። ብዙ ጊዜ ፈልጌዋለሁ። ተክሉ እዚያው የበቀለ ነው የሚመስለው። እንደዚያ ያለ እጅ ሌላ ሰው ላይ አላየሁም።

በድንገት ታማ ሞተች። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። የመጨረሻው ሥራዋ ሳያልቅ ቀረ፤ መስኮቱ አጠገብ አንድ ጠማማ እንጨት፣ አጠገቡ ሳህን ላይ ሁለት ተክሎች።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ባለቤቶቹ ሥራ አይነኩም። ወጥ ቤቱን የያዙት ጎረቤታችን እትዬ ነበሩ። ሰዉ ሲቀንስ ወደ መስኮቱ ብሄድ፣ ሁለቱም ተክሎች ማሰሮ ውስጥ ተተክለዋል። አፈሩ ርሷል።

«እትዬ፣ እነዚህን የተከሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። እናትህ ልቧ የለም፣ ማን ያስታውሳቸው? ደርቀው፣ ሥሮቻቸው ሜዳ ላይ ቀርተው አገኘኋቸው። ጠዋት ማታ አጠጣቸዋለሁ።»

«አፈር እኮ አይፈልጉም።»

«አፈር የማይፈልግ ተክል? አንተ ጆሮህ ላይ የሙዚቃ ፕላስቲክ ወትፈህ አድገህ፣ ተክል ልታስተምረኝ ነው?»

ትልቁን ቀስ ብዬ ሳብኩት። መሐሉ ብቻ እጄ ላይ ቀረ፣ ጠቁሮ፣ በስብሶ። እትዬ አዩት። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ገደልኩት?» አሉ፣ በጣም በቀስታ።

«አንዱ አለ» አልኳቸው።

የትንሹ የታች ቅጠሎች ጠቁረዋል። እነሱን ላጥኩ፣ ገልብጬ አደረቅሁት። በማግስቱ እትዬ መጡና እንጨቱን ያዙልኝ። ለመቆም እምቢ አለ። እህቴ እንዴት ታደርገው እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ እጇ ትዝ ይለኛል፣ እንዴት እንዳደረገችው ግን አላውቅም። አዞርኩት፣ እንደገና አዞርኩት። ሲቆም እትዬ እጃቸውን ለመልቀቅ ፈርተው ነበር። ከዚያ ተክሉን አሰርኩ። የእኔ ክር ከሩቅ ይታያል።

ይኑር አይኑር አናውቅም ነበር። የጨረሰቻቸውን ሁሉ ለሰው ሰጥታ ስለነበር ሌላ የእጇ ነገር አልቀረንም፤ እሱም ቢሞት እናቴን ምን እንደምላት አላውቅም። እትዬ በየጠዋቱ ይደውላሉ።

«እንዴት አደረ?» ይላሉ፣ እንደ በሽተኛ።

«ያው ነው፣ እትዬ።»

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከመሐሉ አዲስ ቅጠል ወጥቶ አየሁ፣ ጫፉ ብቻ፣ ከሌሎቹ የበለጠ አረንጓዴ። እናቴን ጠራኋት። ቆማ አየችው፣ ትከሻዬን ያዘችኝ። እትዬም ተጠርተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«በምኑ ነው የሚኖረው ግን?»

«ከአየሩ ነው። በቅጠሉ ይጠጣል።»

«እሷ ነች የነገረችህ?»

«አዎ።»

ከዚያ እጃቸውን ሰደው መስኮቱን ገርበብ አደረጉት። ብርዱ ገባ። ሦስታችንም ካፖርታችንን ለብሰን እዚያው ቆየን፤ ዝጉት ያለ አልነበረም።